ወደ ማንትል የሚጠልቅ ፕሌት እንዴት ይታያል፣ እንዴትስ ይመዘናል?

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ላይ ባደረግነው የጥያቄና መልስ ቆይታ በቃል የመለስኩትን ከዚህ በታች በጽሑፍ አስተካክዬ አቅርቤዋለሁ። ርዕሳችን ሰብዳክሽን፣ ማለትም አንድ የውቅያኖስ ፕሌት (ከምድር ግትር ውጫዊ ንጣፍ የተከፈለ ግዙፍ ቁራጭ) ከጎረቤቱ ስር ገብቶ ወደ ማንትል (ከቅርፊቱ በታች ወዳለው ወፍራም የትኩስ ዐለት ንጣፍ) የሚጠልቅበት ሂደት ነበር።

ጥያቄ፦ ማንም ወርዶ ያላየውን ጥልቀት እንዴት አወቃችሁት?

መልስ፦ በመጀመሪያ የነገሩን ራሳቸው የመሬት መንቀጥቀጦች ናቸው። ጃፓናዊው ኪዮ ዋዳቲ እ.ኤ.አ. በ1928 እጅግ ጠልቀው የሚነሱ መንቀጥቀጦች መኖራቸውን አሳየ፤ መነሻዎቻቸው ተለቅመው ሲቀመጡ ከውቅያኖስ ወለሉ ገደል (ፕሌቱ መጥለቅ ከሚጀምርበት ረጅም ጥልቅ ቦይ) ጀምሮ ወደ ጎረቤቱ ፕሌት ስር እያዘነበለ እስከ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወርድ ንጣፍ ይሠራሉ። መንቀጥቀጥ የሌለበትን የፕሌቱን ክፍል ደግሞ የሌሎች መንቀጥቀጦች ሞገድ ይገልጠዋል፤ በቀዝቃዛ ዐለት ውስጥ ሞገድ ከትኩሱ ማንትል በጥቂት ፐርሰንት ስለሚፈጥን፣ ወደ ብዙ ጣቢያዎች ቀድሞ የደረሰውንና የዘገየውን አመሳክሮ ምስል ማውጣት ይቻላል። ይህ ቶሞግራፊ የሚባለው ዘዴ ሩቅ ቢያይም ብዥ ያለ ነው። ከመርከብ በሚለቀቅ የታመቀ አየር የሚደረገው የነጸብራቅ ጥናት በአንጻሩ የላይኞቹን ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ቢደርስም ወሰኖችን አጥርቶ ያሳያል።

ጥያቄ (ከአንድ የፊዚክስ መምህር)፦ ሞገዱ ይህን ሁሉ ካሳየ የመሬት ስበት መለካት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ መምህር፣ ሞገድ ፍጥነትን እንጂ ጥግግትን በቀጥታ አይነግረንም። የሚጠልቀው ፕሌት የባዛልት ቅርፊት በግፊትና በሙቀት ኤክሎጃይት ወደሚባል ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ዐለት ሲለወጥ የሞገድ ፍጥነቱ ወደ ማንትሉ ስለሚጠጋ ከምስሉ ላይ የጠፋ ይመስላል፤ ጥግግቱ ግን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ3 ግራም አካባቢ ወደ 3.4 እና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ከማንትሉ ይበልጣል፣ ፕሌቱንም ወደ ታች ይጎትታል።

ስበትም ብቻውን አይታመንም። የታሰረ የሽንኩርት ማዳበሪያ ሚዛን ላይ ቢወጣ ክብደቱን ይነግረናል እንጂ ድንጋይ የተደበቀበት ከአፉ ይሁን ከሥሩ አይናገርም፤ እንዲሁም ቅርብ ያለ ትንሽ ከባድ አካልና ራቅ ያለ ሰፊ አካል ተመሳሳይ የስበት ንባብ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ወሰኖቹን በሞገድ እንወስናለን፣ ለእያንዳንዱ ንጣፍ ጥግግት ሰጥተን ሊኖር የሚገባውን ስበት እናሰላለን፣ ከተለካው ጋር ካልገጠመ ሞዴሉን እናርማለን። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በስበት ብቻ ፕሌት የሚስል ሰው የፈለገውን ሁሉ መሳል ይችላል።

ጥያቄ፦ ፕሌቱ ከባድ ከሆነ በገደሉ ላይ ስበት የሚቀንሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከቀረቡልኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ሆላንዳዊው ቬኒንግ ማይኔስ በ1920ዎቹ ማዕበል ከሚያናውጠው የባሕር ወለል በታች በሰርጓጅ መርከብ ፔንዱለሞች ይዞ ተጉዞ፣ በጃቫ አጠገብ ስበት በጉልህ የሚቀንስበትን ቀበቶ አገኘ። በእንዲህ ያሉ ገደሎች ላይ ጉድለቱ 200 ሚሊጋል (ሚሊጋል ትንሽ የስበት መለኪያ ነው) ሊደርስና ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም ከጠቅላላው የምድር ስበት ከ5,000 አንድ እጅ ያህል ነው። ምክንያቱ ወለሉ ወደ ታች ታጥፎ ዐለት ሊኖርበት በሚገባው ስፍራ ውኃ መሙላቱ ነው። የጠለቀው ፕሌት ክብደትም አልጠፋም፤ ጥልቅ በመሆኑ ምልክቱ በሰፊው ተዘርግቶ ከጠባቡ ጉድለት በላይ ይደረባል፣ ሰፊ ቦታ በሚያዩ ሳተላይቶችም ይለያል።

ጥያቄ፦ ምስሉ የመንቀጥቀጡን ቀን ይናገራል?

መልስ፦ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ቶሆኩ ላይ ገደሉ አጠገብ ያለው ጥልቀት የሌለው የፕሌቶቹ መገናኛ 50 ሜትር ገደማ ተንሸራቷል፤ ያ ክፍል ግን ያን ያህል ኃይል አያከማችም ብለው የሚያስቡ ብዙ ባለሙያዎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ አዳማ ስር ፕሌት ይጠልቃል ወይ?

መልስ፦ የለም፤ እኛ ያለንበት ስምጥ ሸለቆ ምድር የሚለያይበት ነው። ሁለቱ ዘዴዎች ግን እዚህም አብረው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢግል በተባለው ጥናት ፈንጂ ተፈንድቶ ስምጥ ሸለቆውን በሚያቋርጥና በሚከተል መስመር ሞገድ ሲለካ፣ በቦሴት እሳተ ገሞራ አካባቢ ከቅርፊቱ ውስጥ ሞገድ የሚፈጥንበት ዐለት ተገኘ፤ የስበት ልኬቱም በሸለቆው መካከል ከፍ ብሎ ስለታየ፣ ወደ ቅርፊቱ ገብቶ የቀዘቀዘ ጥቁር የማግማ ዐለት መሆኑ ታወቀ።