መሸኛ ደብዳቤ የሌላቸው ስደተኛ ምእመናን

ጥያቄ፦ አሜሪካ ወዳለችው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችን ከበርማ የተሰደዱ ካረኖች (ከአገሪቱ ብሔረሰቦች አንዱ) መምጣት ጀምረዋል። ተጠምቀናል ይላሉ፤ መሸኛ ደብዳቤ ግን የላቸውም። እንደገና እናጥምቃቸው? ወንጌል የሚያስተምራቸውስ ሰው እንመድብ?

መልስ፦ አታጥምቋቸው። የካረን ባፕቲስቶችም እንደ እናንተው አምነው፣ ውሃ ውስጥ ጠልቀው ነው የሚጠመቁት። መንደሩን ጥሎ የሸሸ ሰው መሸኛ ከማን ያጽፋል? ሐዋርያት ሥራ 9፥26-27ን ተመልከቱ፤ ሳውልን ሁሉም ሲፈሩት በርናባስ ይዞት ገባና መሰከረለት። እናንተም ስደተኛውን የሚያውቁ ሁለት ምእመናን ጥሩ፤ እሱም እንዴት እንዳመነ፣ የትና በማን እንደተጠመቀ ይናገር። ከዚያ ጉባኤው ይቀበለው፤ መዝገቡ ላይም «በምስክርነት» ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ቆም በሉ። አሜሪካዊው ባፕቲስት ሚስዮናዊ ጀድሰንና ባለቤቱ አን ራንጉን (የበርማ ከተማ) የገቡት እ.ኤ.አ. በ1813 ሲሆን የመጀመሪያው በርማዊ እስኪጠመቅ 6 ዓመት ፈጅቷል። በካረኖች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነበር፤ የመጀመሪያው ካረን አማኝ ኮ ታ ብዩ በ1828 ከተጠመቀ በኋላ መንደር ለመንደር ዞረው የሰበኩት በአብዛኛው ራሳቸው ካረኖች ናቸው። «ስጋው» በተባለው የካረን ቋንቋ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም በ1853 ታትሟል። ደጃችሁ የቆመችው እናት እምነቷን ከቅድመ አያቷ የወረሰች ልትሆን ትችላለች። አስተማሪ ከመመደባችሁ በፊት ከመካከላቸው ዲያቆንና የመዘምራን መሪ የነበረ ማን እንደሆነ ጠይቁ። (የባፕቲስቶች የመጀመሪያ ጉባኤ ራሱ በ1609 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰበው ከእንግሊዝ በሸሹ ሰዎች ነው፤ ይህን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው።)

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መዝገቡ ነው። ካረኖች በልማድ የአባት ስም አይጠቀሙም። «ሳው» ለወንድ፣ «ናው» ለሴት የሚቀድም መጠሪያ እንጂ ስም አይደለም፤ ጽሕፈት ቤቱ ስም መስሎት ሲመዘግብ ሃያ ወንዶች «ሳው» ይሆናሉ። ሙሉ ስሙን ጻፉ፤ በምን እንደሚጠራም ራሱን ጠይቁት። አስተርጓሚ ስትፈልጉም «በርማኛ» ብቻ አትበሉ፤ የካረን ቋንቋ የሆኑት የ«ስጋው» እና የ«ፕዎ» ተናጋሪዎች እንኳ እርስ በርስ አይግባቡም። ልጆች ለወላጆቻቸው የሐኪም ቤት ጉዳይ እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ፤ ልጁ የሚያፍርበትን ይዘልለዋል።

ከጉዞው ጋር የመጣ ወለድ የሌለው የአውሮፕላን ትኬት ብድር አለባቸው፤ የክፍያው ፖስታ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ተጥሎ ዕዳው እንዳይከማች አብራችሁ ክፈቱት። ቤት ከቀየሩ አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለባቸው፤ ለግሪን ካርድ የሚያመለክቱት ደግሞ ከ1 ዓመት በኋላ ነው። ቅጹን ግን በቅን ልብ ተነሣሥታችሁ እናንተው አትሙሉት፤ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ወኪል ዘንድ ውሰዷቸው።

አዳራሹን ከሰዓት በኋላ ብቻ መስጠት ማከራየት ይመስላል። ቁልፍ ስጧቸው። በጉባኤ ስብሰባም ድምፅ እንዲሰጡ አጀንዳው ከሳምንት በፊት አስተርጓሚው እጅ ይግባ፤ እጅ የሚያወጡት ጉዳዩ ገብቷቸው እንጂ ሌላውን አይተው እንዳይሆን።