የፎርሙላ 1 ሹፌሩ ኖሪስ አሜሪካ ኦስቲን ላይ ለምን ብቻውን ተቀጣ?

«ተፎካካሪው ቨርስታፐንም እኮ ከትራክ ወጥቷል፣ ለምን ኖሪስ ብቻ 5 ሰከንድ ተቀጣ» ላልከው፣ ነገሩ ያለው ኤፔክሱ ጋር ነው፣ ማለትም መኪና ኮርነሩን (መታጠፊያውን) ሲዞር የውስጡን ጠርዝ በጣም የሚጠጋባት ነጥብ። በውጪ በኩል የሚያልፍ ሰው ኤፔክስ ላይ ሲደርስ ከፊት መሆን አለበት፣ የ2024ቱ ኦስቲን 12ኛው ኮርነር ላይ ኖሪስ እዛች ነጥብ ላይ አልቀደመም ብለው ዳኞቹ ኮርነሩን ለቨርስታፐን ሰጡት፣ ኖሪስ ደግሞ ከትራክ ውጪ ሆኖ አለፈና ቦታውን ሳይመልስ ነዳው፣ በቃ 3ኛነቱን ያስበላው እሱ ነው።

ፍትሃዊ ነው ወይ ካልከኝ እኔ አይመስለኝም። ውስጥ ያለው ሰውዬ ፍሬን ዘግየት አድርጎ ከያዘ ኤፔክሱ ላይ መጀመሪያ መድረሱ የት ይቀራል፣ ከዛ ሁለቱም ተያይዘው ከትራክ ይወጣሉ። ይሄ ዘዴ ሁሌ ግን አይሰራም፣ በሳምንቱ ሜክሲኮ ላይ ራሱ ቨርስታፐን ሁለቴ 10 10 ሰከንድ ተከናንቧል።

አንድ ነገር ብቻ፣ መኪናው ላይ በተገጠመው ካሜራ እንዳትፈርድ። እዚህ አዳማ ካፌ ውስጥ ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከሱ ነው፣ ርቀት ያዛባል። ከላይ ከሄሊኮፕተር የተቀረፀውን ፈልግና ኤፔክስ ላይ ፖዝ አድርገህ የሁለቱን የፊት ጎማ ብቻ እይ።