መልስ፦ ሶኖስ ድጋፍ ያቆመለት ስፒከር ይጣላ?

ወንድሜ፣ አጎትህ ከውጭ የላኩልህን የመጀመሪያውን ትውልድ ፕሌይ 5 ስፒከር አትጣለው፤ ለገጣፎ ላይ ሌላ ለመግዛትም አትቸኩል። አምራቹ ኩባንያ ሶኖስ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2020 ጀምሮ ያቆመው በሶፍትዌሩ ላይ አዳዲስ ተግባራት መጨመሩን ነው፣ ስፒከሩን አላጠፋውም። ስልክህ ላይ «አይደገፍም» ያለህ ኤስ2 የሚባለውን የሶኖስ አዲስ መተግበሪያ ስለጫንክ ይመስለኛል። እሱን ተወውና ለአሮጌዎቹ ስፒከሮች የሚያገለግለውን ኤስ1ን ጫን። በኤስ2 ብቻ የሚሠሩ አዳዲስ ስፒከሮችን ግን አብሮ ማገናኘት አይቻልም።

እኔን የሚያሰጋኝ የሙዚቃ አገልግሎቶቹ ናቸው፤ እነሱ አሠራራቸውን ሲቀይሩ አሮጌው ሶፍትዌር ላይከተላቸው ይችላል። ያኔም ቢሆን ባለ 3.5 ሚሊሜትር የድምፅ መግቢያ አለው፣ ስልክህን በኬብል ትሰካበታለህ። (ብሉቱዝ የለውም፣ በከንቱ አትፈልግ።)

አጎትህ የገዙት ሁለተኛ እጅ ከሆነ «ሪሳይክል ሞድ» ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠይቃቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 የተወው አሠራር ነው፤ አሮጌውን በቅናሽ ለሚለውጥ ሰው ስፒከሩን ከ21 ቀን በኋላ ይዘጋው ነበር።