አዲስ ሄሊኮፕተር ለምን ወዲያው አይበርም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንግሊዝ የሚኖረው የእህቴ ልጅ፣ ፖሊስ አዲስ ሄሊኮፕተር ሲገዛ ወዲያው ሥራ አያስጀምረውም ይለኛል። አብራሪዎቹ ፈቃድ አላቸው አይደል? እዚህ ቢመጣስ ይሠራል?
— ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ሄሊኮፕተር ስጠግን ነው ያረጀሁት። ፈቃድ በየዓይነቱ ነው፤ ኢሲ 135 የሚባለውን ሄሊኮፕተር የሚያበር ሰው፣ ሌላውን ዓይነት ኢሲ 145ን ዝም ብሎ አያስነሣም። መካኒኩም እንደዚያው። ደግሞ የፖሊስ ዕቃ አለ፦ የሙቀት ካሜራ፣ የፍለጋ መብራት፣ ሬዲዮ። አንዱ በተጨመረ ቁጥር ክብደቱም ሚዛኑም ይለወጣል፤ እንደገና ይመዘናል ወይም ይሰላል። ካሜራውን የሚያዞረው አብሮ የሚበረው ፖሊስ ነው፣ እሱም ይሠለጥናል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የአዘዞ ኤርፖርት 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ በሚያዝያ ፀሐይማ ይብስበታል! የሳሳ አየር ደግሞ ሄሊኮፕተርን ደግፎ የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ያኔ የሚከብደው ወደፊት መብረሩ ሳይሆን ባለበት አየር ላይ መቆሙ ነው። ክብደት ለመቀነስ ነዳጅ ይቀነሳል፤ ነዳጅ ሲያንስ ሰማይ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ ገዢ ከአምራቹ መመሪያ ውስጥ ማየት ያለበት በ2,000 ሜትር ከፍታ ምን ያህል ክብደት ይዞ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ነው። ቀለሙን ማንም ይቀባዋል።