«ሁሉንም መርምሩኝ» ስንል ሄርፒስ ለምን ይቀራል? ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ ሄርፒስ። ከንፈር ወይም ብልት ላይ ቁስል የሚያወጣ ቫይረስ ነው፤ ዓይነት 1 ብዙ ጊዜ ከንፈር ላይ፣ ዓይነት 2 ብልት ላይ። ግማሾቻችሁ «ለምን ሄርፒስ ሳልመረመር ቀረሁ?» ትላላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ «ምነው ባልተመረመርኩ!» ትላላችሁ። ስም አስቀርቼ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ሰላም ዶክተር። ከጓደኛዬ ጋር ግንኙነት ከመጀመራችን በፊት አብረን ሄደን ተመረመርን። እኔ «ሁሉንም መርምሩኝ» ብዬ ነበር። «ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ» ተባልንና ኮንዶም ተውን። ከሁለት ወር በኋላ ብልቴ አካባቢ ቆስሎ ስታይ ሄርፒስ ነው አሉኝ። የዋሸኝ ጓደኛዬ ነው ወይስ የተሳሳተው ላቦራቶሪው? (የተከዳሁ መስሎኝ)

እህቴ፣ ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ። «ሁሉንም» የሚባል ምርመራ የለም። አንቺ «ሁሉንም» ስትዪ መርማሪው የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥና ክላሚዲያ፣ ሲበዛ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሄርፒስ ሐኪሙ ለይቶ ካላዘዘው ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ለምን እንደማይገባ ከታች እመጣበታለሁ፤ በቂ ምክንያት አለው። በቂ ምክንያት የሌለው ግን ለአንቺ ሳይነገርሽ መቅረቱ ነው። እኔም ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት «ሁሉም ደህና ነው፣ ሂዱ» እያልኩ ስንቱን እንደሸኘሁ ሳስበው አፍራለሁ። አሁን «ኤችአይቪና ቂጥኝ የለብህም፤ ሄርፒስን ግን አላየንም» እላለሁ። ለመናገር ከአምስት ሰከንድ በላይ አይፈጅም።

ጓደኛሽ ዋሽቷል ለማለትም አትቸኩዪ። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ደማቸው ዓይነት 2 ሄርፒስ ካሳየው ሰዎች መካከል 87 በመቶ ያህሉ አለባችሁ ተብለው አያውቁም ነበር። ምልክቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል፤ ቢታይም ምላጭ የቆረጠው ወይም ላብ ያሳከከው መስሎ ያልፋል። ደግሞ ላንቺ አዲስ የሆነው ቁስሉ እንጂ ቫይረሱ ላይሆን ይችላል። ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ አለ። ስለዚህ ቀን ቆጥሮ ማን ለማን እንደሰጠ ማወቅ አይቻልም። ይልቅ ዓይነት 1 ነው ወይስ ዓይነት 2 ብለሽ ጠይቂ። ብልት ላይ የወጣው ዓይነት 1 ከሆነ ተመልሶ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ የአፍ ወሲብ ነው።

ዶክተር፣ ምንም ሳያመኝ ለአጠቃላይ ምርመራ ገብቼ ሄርፒስንም ጨመሩልኝ። ወረቀቱ «ዓይነት 2፣ አይጂጂ 1.8፣ ፖዘቲቭ» ይላል። ለእጮኛዬ ነገርኳት። ሠርጋችን ቆሟል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንድም ቀን ቁስል አይቼ አላውቅም። (እንቅልፍ ያጣሁ)

ወንድሜ፣ ወረቀቱን እንደገና አውጣውና አብረን እናንብበው። መጀመሪያ የምርመራው ስም አለ፤ አይጂጂ ማለት ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው፣ ደም ውስጥ የሚለካ ንጥረ ነገር ነው። አጠገቡ 1.8 የሚለው ቁጥር። ከዚያ ቀጥሎ፣ ማንም የማያነባት ደቃቅ ጽሑፍ አለች፦ ከ0.9 በታች ኔጋቲቭ፣ ከ1.1 በላይ ፖዘቲቭ። መሣሪያው «ፖዘቲቭ» ብሎ ያተመው 1.8 ከ1.1 ስለሚበልጥ ብቻ ነው። በትንሹ ይብለጥ ወይስ በብዙ፣ እሱን አይነግርህም። ነገሩ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ምርመራ ከ3 በታች የሆነ ውጤት ብዙ ጊዜ ስህተት ሆኖ ይገኛል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ውጤት በሌላ ዘዴ ይረጋገጥ ይላል። የዚያው አገር የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2023 የዓይነት 2 የደም ምርመራዎች የሐሰት ፖዘቲቭ እንደሚሰጡ ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ጽፏል።

ሒሳቡን ልሥራልህ። ከመቶ አሥራ አምስቱ ዓይነት 2 ያለበት ሕዝብ ውስጥ 10,000 ሰው ተመረመረ እንበል። ያለባቸው 1,500 ናቸው፤ ምርመራው 1,485ቱን ያገኛቸዋል። ጎበዝ ነው። ከሌለባቸው 8,500 ሰዎች ግን 1,445ቱንም «አለባችሁ» ይላቸዋል። እንግዲህ ፖዘቲቭ ተብለው እያለቀሱ ከሚወጡት ግማሽ ያህሉ በሌለባቸው በሽታ ነው የሚያለቅሱት። በሽታው ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ባለበት ቦታ ደግሞ ስህተቱ ይብሳል። በአሜሪካ የመከላከል ሕክምናን የሚመዝነው የባለሙያዎች ቡድን በ2005፣ በ2016 እና በ2023 ምልክት የሌለው ሰው ለሄርፒስ በደም አይመርመር ያለው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው።

እና ምን ታደርጋለህ? ማረጋገጫ ጠይቅ። አስተማማኙ ዌስተርን ብሎት የሚባለው ነው። እሱ ካልተገኘ በሌላ ዘዴ የሚሠራ የደም ምርመራ ይደገምልህ። እጮኛህንም ይዘሃት ሂድ፤ ያልተጣራ ውጤት መሆኑን ከሐኪሙ አፍ ትስማ። ቢረጋገጥስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሰዎች 13 በመቶው፣ ማለትም ከስምንት አንዱ ገደማ፣ ዓይነት 2 አለበት። ብዙዎቹ አግብተዋል፣ ወልደዋል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ትኩሳት ሲይዘኝ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። በቅርቡ የደም ምርመራ «ሄርፒስ ዓይነት 1 አለብሽ» አለኝ። እኔ እስከ ዛሬ ከወንድ ጋር ተኝቼ አላውቅም። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል፤ ምንም የሚያሳፍር ነገርም የለውም። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውና ምች የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ቫይረስ ነው። ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ 64 በመቶው፣ አለበት። የሚበዛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ፣ ከቤተሰብ ጉንጭና ከንፈር ነው። የደም ምርመራው ቫይረሱ ከንፈር ላይ ይኑር ብልት ላይ አይናገርም። አንዳንዴም ያለውን ራሱ ያልፈዋል። እንግዲህ ሰውን ሁሉ ለዓይነት 1 እንመርምር ማለት ከሦስት ሁለቱን ጠርቶ «እርስዎም እንደ ሌላው ሰው ነዎት» ብሎ ማስደንገጥ ነው። አንቺ የሚጠበቅብሽ ከንፈርሽ ላይ ቁስል ባለ ጊዜ ሰው አለመሳም፣ በተለይ አራስ ሕፃን፤ ወደፊትም በዚያ ወቅት ከአፍ ወሲብ መቆጠብ ነው።

ጎኔ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኝ ሐኪሙ «ሄርፒስ ዞስተር» ብሎ ጻፈ። ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ አኩርፋለች።

ይታረቁ። አልማዝ ባለጭራ በልጅነት የሚይዘን የጉድፍ ቫይረስ ከዓመታት በኋላ ሲቀሰቀስ የሚመጣ ነው፤ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። የጋራ ስማቸው ብቻ ነው ቤት ያመሰው።

ባለቤቴ ዓይነት 2 እንዳለበት ከመጋባታችን በፊት ነግሮኛል። አራት ዓመታችን ነው፤ በእኔ ላይ ምንም አልታየም። ልጅ እያሰብን ነው። እርስዎ ሁልጊዜ ምርመራውን ይነቅፉታል፤ እኔም አልመርመር?

እርስዎስ ይመርመሩ። የምነቅፈው ምንም ምክንያት የሌለውን ሰው በጅምላ መመርመርን ነው። በእርስዎ ቤት ውጤቱ የሚቀይረው ነገር አለ። ቫይረሱ እርስዎም ላይ ካለ፣ ሳያውቁት የኖሩበት ማለት ነው፤ ከባለቤትዎ የሚጠነቀቁበት ምክንያት አይኖርም። ከሌለብዎት ደግሞ መከላከል ይቻላል። በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ያለበት ወገን ቫላሲክሎቪር የሚባለውን የሄርፒስ መድኃኒት በየቀኑ 500 ሚሊግራም ሲወስድ ወደ ትዳር ጓደኛው የመተላለፍ ዕድሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ኮንዶም ተጨማሪ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘጋም፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ኮንዶም በማይሸፍነው ቆዳም ይወጣል። ማሳከክ ወይም መለብለብ ከጀመረው ሰዓት አንስቶ ቁስሉ እስኪድን መታቀብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ባለትዳሮች የሚሳሳቱበት ነውና። ቁስል የለም ማለት አይተላለፍም ማለት አይደለም። ዓይነት 2 ያለባቸው፣ ምልክት ታይቶባቸው የሚያውቁ ሰዎች በየቀኑ ናሙና ሲወሰድባቸው ከአምስት ቀን በአንዱ ቫይረሱ ተገኝቷል። አንድም ቀን ምልክት አይተው በማያውቁትም ከአሥር ቀን በአንዱ ተገኝቷል።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የብልት ሄርፒስ ከያዘኝ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጄን አጠፋለሁ ብዬ እየተጨነቅሁ ነው። ነፍሰ ጡር ሁሉ ለምን አይመረመርም?

ከጥያቄሽ በፊት ፍርሃትሽን ላቅልልሽ። የቆየ ሄርፒስ ያለባት እናት መከላከያዋን ለልጇ በደሟ ታካፍለዋለች፤ በምጥ ወቅት የመተላለፍ ዕድሉ ከመቶ አንድ አይሞላም። የሚያስፈራው ሌላው ነው፦ እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ወራት ስትያዝ። ያኔ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል፤ አራስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከባድ ነው። ስለዚህ ባሏ ወይም ጓደኛዋ እንዳለበት የምታውቅ፣ እሷ ግን የሌለባት ነፍሰ ጡር በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከግንኙነት፣ የአፍ ወሲብንም ጨምሮ፣ ብትቆጠብ ነው የሚሻለው።

አንቺ ለሚያዋልዱሽ ሁሉ አስቀድመሽ ንገሪ። ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አሲክሎቪር የሚባለውን የሄርፒስ መድኃኒት ሊያዝዙልሽ ይችላሉ። ምጥ ሲመጣ ቁስል ወይም የቁስሉ መምጫ የሆነው መለብለብ ካለ በቀዶ ሕክምና ትወልጃለሽ፤ ከሌለ በተፈጥሮ መንገድ። ባለሙያዎቹ ነፍሰ ጡርን ሁሉ በደም መመርመርን ያልመከሩትም ከላይ ባየነው በዚያው የሐሰት ውጤት የተነሳ ነው። ሰባተኛ ወር ላይ «አለብሽ» ተብላ ያለበቂ ምክንያት በቀዶ ሕክምና የምትወልድ ሴት አስቢ።

ሐኪሞች «ብታውቁ ትጨነቃላችሁ» እያላችሁ እውነቱን ትደብቁናላችሁ። ሰውነቴ የእኔ ነው፤ ማወቅም መብቴ ነው። ድሮ ስለ ኤችአይቪም እንዲህ ይባል ነበር። (የተናደደ አንባቢ)

በግማሹ ተስማምቻለሁ። «ትጨነቃላችሁ» የሚለው ምክንያት ለእኔም አይዋጥልኝም። ለአዋቂ ሰው ክፉ ዜና እየመጠነ የሚያድል ሐኪም ቦታውን ስቷል። እኔ የማላምነው ምርመራውን ነው፤ ሰውየውንማ አምነዋለሁ። ቂጥኝ ሲገኝ በፔኒሲሊን ይድናል። ክላሚዲያ ሲገኝ በጥቂት ቀን መድኃኒት ያልቃል። ኤችአይቪ ሲገኝ ዕድሜ የሚያረዝምና መተላለፍን የሚያቆም ሕክምና ይጀመራል፤ ምርመራውም የጠራ ነው። ሄርፒስ ምልክት በሌለው ሰው ላይ ሲገኝ ግን ከሰውነት የሚያስወጣው መድኃኒት የለም፤ ውጤቱ ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላል።

ከተቃራኒው ወገን የሚነሳ ጠንካራ መከራከሪያ እንዳለ አልክድም። ዓይነት 2 ያለበት ሰው በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ታዲያ ለምን ቀድመን አናገኘውም? ተሞክሯል። ሄርፒሱን በአሲክሎቪር በማፈን ኤችአይቪን ለመከላከል የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ሳይሳካላቸው ቀርተዋል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ አሁን በእጃችን ባለው የደም ምርመራ ሄርፒስ የዘወትር ምርመራ ውስጥ አይግባ። የጠራና የሚታመን ምርመራ ሲመጣ ሐሳቤን እቀይራለሁ። እስከዚያው ቁጥሩን ሰምቶ «ቢሆንም ልመርመር» ያለን ሰው ግን ማንም ሐኪም እምቢ ሊለው አይገባም። እርስዎም ይህን ካነበቡ በኋላ ከፈለጉ ይጠይቁ፤ ፖዘቲቭ ከሆነ እንዴት እንደሚረጋገጥ ግን ደም ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ።

ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት ብልቴ ላይ ሦስት ውሃ የቋጠሩ ነገሮች አየሁ። ያቃጥላል። ቅዳሜ ድረስ ልጠብቅ?

አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይሂዱ። ቅባትም፣ ዱቄትም፣ ምንም አይቀቡበት፣ አያፍርጡትም። መርማሪው ራሱ አንዷን ይከፍታትና የቁስሉን ወለል በጥጥ ዘንግ ያሻል። ለጥቂት ሰከንድ ያማል፤ ይቻሉት፤ በደንብ ካልታሸ ናሙናው ባዶ ይሆናል። ከዚያ ፒሲአር በሚባለው፣ የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ ይታያል፤ ዓይነት 1 ይሁን ዓይነት 2 ይለያል። ቅዳሜ ድረስ ከቆዩ ቅርፊት ይይዝና የሚገኝ ነገር ይጠፋል፤ ያኔ «ኔጋቲቭ» ቢባል እንኳ የለም ማለት አይሆንም። መድኃኒቱም ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው፤ የሐኪሙ ዓይን ከጠረጠረ ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል።

ለሄርፒስ ዛሬ ደም አይስጡ። አዲስ ከሆነ ደምዎ ገና አያውቀውም፤ እስኪያሳይ እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። አይጂኤም በሚባለው የደም ምርመራም አይታለሉ፤ አዲሱን ከአሮጌው አይለይም። ብልት ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ ሄርፒስ ስላልሆነ ቂጥኝና ኤችአይቪ ግን በደም ይታዩልዎት። ካርድ ካወጡ በኋላ «ቁስሉን በፒሲአር፣ ቂጥኝና ኤችአይቪን በደም» ይበሏቸው፤ «ሁሉንም» አይበሉ።