ከሸዋ በር እስከ ደረቅ ወደብ፦ የወረቀት ላይ ምሕጻረ ቃላት ጥያቄና መልስ

ጥ፦ ደሴ ሸዋ በር ቤት ስገዛ ራፖር ጸሐፊው ግርጌው ላይ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731፣ 2005፣ 1889 እና 1890 የጸና ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ምን ማለት ነው?

መ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ማለት ነው። 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። 2005 የፈረሙበት ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ መሆኑን ይናገራል። 1889 እና 1890 ስለ ገደብ ናቸው። ገደብ ማለት ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለው አስቀድሞ የተቆረጠ ገንዘብ ነው። «ውሉም ይፈጸምልኝ፣ ገደቡም ይከፈለኝ» ማለት የሚቻለው ገደቡ ለመዘግየት ወይም ለተጓዳኝ (ከዋናው ጎን ላለ) ግዴታ የተቀመጠ ከሆነ ብቻ ነው።

ለቤት ግን ዋናው ቁጥር ወረቀትዎ ላይ የለም፤ 1723 ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት መደረግ አለበት። ቁጥሩን መጻፍ ምዝገባውን አይተካም። ሻጩ ቢክድ ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ውሉ ፈራሽ ከተባለ ገደቡም አብሮ ይወድቃል። አራት ቁጥር ደርድሮ ይህችን መተው የተለመደ ስንፍና ነው።

ጥ፦ ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁስ ያው አይደለም?

መ፦ አይደለም። «ሥ/ሥ» ሥነ ሥርዓት ነው፤ የ1958ቱ ሕግ። 483 ቁጥር ብቻ ስላለው ከዚያ በላይ ካዩ የእሱ አይደለም። ችግሩ ሁለቱም ሕጎች ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ቁጥሮች ላይ ነው። ክስ ለማቅረብ ስለሚያበቃ ጥቅም ሊያነሱ ፈልገው «ሥ/ሥ»ን ዘለው «ፍ/ብ/ሕ/ቁ 33» ብለው ከጻፉ፣ ዳኛው ሲገልጥ የሚያገኘው ስለ ሰው ስም የሚናገር ድንጋጌ ነው።

ጥ፦ ሰ/መ/ቁ?

መ፦ የሰበር መዝገብ ቁጥር። ሰበር የመጨረሻ ፍርድን ለሕግ ስሕተት የሚመረምር ችሎት ነው።

ጥ፦ ኃ/የተ/የግ/ማ እና አ/ማ?

መ፦ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እና አክሲዮን ማኅበር። የመጀመሪያው እስከ 50 አባል ይይዛል፤ ሁለተኛው ቢያንስ 5 መሥራች ይፈልጋል። ውል ሲፈራረሙ ስሙን ከነምሕጻሩ ያስጽፉ፤ የባለቤቱ ስም ብቻ ከሰፈረ ባለዕዳው ማን እንደሆነ ያከራክራል።

ጥ፦ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ዕቃ ሊደርስልኝ ነው። ደረሰኙ «ኤፍ.ኦ.ቢ.» ይላል፤ ጓደኛዬ ሲ.አይ.ኤፍ. ይሻላል አለኝ።

መ፦ ከምሕጻሩ ቀጥሎ የተጻፈውን ወደብ ይዩ። ኤፍ.ኦ.ቢ. የመጫኛውን ወደብ ያስከትላል፤ ሻጩ ወጪውን የሚችለው ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ብቻ ነው። ሲ.አይ.ኤፍ. መድረሻውን ያስከትላል፤ መድንና የመርከብ ኪራይ ዋጋው ውስጥ አሉ። «ሲ.አይ.ኤፍ. ጅቡቲ» ከሆነ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ያለው ጭነት በእርስዎ ነው። ቀረጡ የሚሰላው መድንና ማጓጓዣ ተጨምሮ ስለሆነ የኤፍ.ኦ.ቢ. ዋጋ አነስ ቢልም ቀረጡን አይቀንስም።

ጥ፦ ሲ.ፒ.ኦ.ስ?

መ፦ ባንክ ገንዘቡን ቀድሞ ይዞ የሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ ነው፤ ለጨረታ ማስከበሪያ ይውላል። ተከፋይ ሆኖ የሚጻፈው የመሥሪያ ቤት ስም ከጨረታው ሰነድ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም።