የሰፈሩ ሰው ለምን አይመጣም?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በየወሩ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ፍልስፍና የውይይት መድረክ እናዘጋጃለን። ጥሩ ጥሩ ምሁራን እንጋብዛለን፣ መግቢያው ነጻ ነው። ሁሌም የሚመጡት ግን ያው 12 ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የተማሩ፣ ሁሉም የሚተዋወቁ። የሰፈሩ ሰው በበሩ በኩል አልፎ ይሄዳል። ምን እናድርግ?
ተስፋ ልትቆርጥ የደረሰች

መልስ፦ እህቴ፣ ተስፋ አትቁረጪ። ስለ ምሁራኑም ስለ መግቢያውም ነግረሽኛል። የሰፈሩ ሰው እዚያ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን አልነገርሽኝም። ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሲታዘዝ የዋለ ሰው ማታም ሌላ ሰው ሲያስተምረው ለመስማት ከቤቱ መውጣት ይከብደዋል። «ፍልስፍና» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ደግሞ «ይሄ የተማሩ ሰዎች ነገር ነው» ብሎ ያልፋል። ስንፍና አይደለም፣ አልተጠራም!

ሰው የሚመጣው እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ሲነገረው ነው። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው «የሰው ቤተ መጻሕፍት» የቆመው በዚህ ላይ ነው። በውሰት የምትወስጂው መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ነው፤ ስደተኛ የነበረ ወይም ማየት የተሳነው ሰው ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ የጠየቅሽውን ይመልስልሻል። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ስቶሪኮርፕስ የተባለ ድርጅትም ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎችን፣ ለምሳሌ አያትና የልጅ ልጅን፣ በትንሽ ክፍል አስቀምጦ ለ40 ደቂቃ ያህል ያነጋግርና ድምፃቸውን ይቀርጻል፤ ባለታሪኮቹ ከፈቀዱ ቅጂው በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ተራ የሚባለው ሰው ድምፅ እዚያ መግባቱ ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

ለእናንተ ግን ከሁሉ የምመርጠው የፎቶ ቀን ነው። ሰዉ ያረጁ ፎቶዎቹንና ደብዳቤዎቹን ይዞ ይመጣል፣ እናንተ ስካን ታደርጋላችሁ፣ ዋናውን እዚያው ትመልሳላችሁ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ምንም አታስቀሩ፣ ምንም አታሳዩ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ስካኑ እስኪያልቅ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ «ይቺ ማን ናት? ከጀርባ ያለው ቤት አሁንም አለ?» ብሎ ይጠይቀው። እመኚኝ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አንገቱን አስግጎ «እኔ አውቃታለሁ እኮ!» ማለት ይጀምራል፣ ሌላው ደግሞ «የለም፣ ያ ቤት የፈረሰው ከዚያ በፊት ነው» ብሎ ይከራከራል፣ ይሄው የታሪክ ውይይት ተጀመረ ማለት ነው፣ ያለ መድረክና ያለ ማይክሮፎን።

ምሁራኑስ? ይምጡ እንጂ! ግን ወንበራቸው ከሰዉ መሀል ይሁን። መጀመሪያ ያዳምጡ፣ ከዚያ የአንዱን ፎቶ ዘመን ከሌላው ጋር ያገናኙ። ያኔ እውቀታቸው በትክክል ይፈለጋል።

ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። 12ቱ ታዳሚዎቻችሁ እያንዳንዳቸው የአንድ አዛውንት ጎረቤት በር ያንኳኩ፣ «የድሮውን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ ይምጡልን» ይበሉ፣ በቀኑም ራሳቸው ይዘዋቸው ይምጡ። ሰዓቱንም እናንተ አትወስኑ፣ እነሱን ጠይቁ። ደረጃ መውጣት የማይችል ካለ ምድር ቤት ላይ አድርጉት።

የሚቀጥለው ወር የፎቶ ቀን ይሁን። የመጀመሪያውን ፎቶ አንቺ ይዘሽ ግቢ፣ እንዴት እንደሆነም ጻፊልኝ።